ጨው ያሟሸው ሰው

ይህን ምሳሌ የማይናገር ሰው የለም። ለሰነፍ ይነገራል፤ ለኩሩ ይነገራል፤ አንዳንዴም ያለ ቦታው ይነገራል። ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የመጣው ከአንድ ድስት ሽሮ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ፈጥኖ ወጣ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ባቄላው አበባውን አራገፈ። በጥቅምት ውርጭ ወረደ፤ የተረፈውን ጨረሰ። ላሞች ነጠፉ። ንቡ ቀፎውን ጥሎ ሄደ። በየኅዳሩ ይመጡ የነበሩት የጨው ነጋዴዎችም አልመጡም፤ በቅሎዎቻቸው መንገድ ላይ በበሽታ አልቀው ነበር።

መንደሩ ቀጨሞ አምባ ይባላል። በረኃብ የሞተ ሰው አልነበረም። እፍኝ ሽሮ በየቤቱ አለ፤ የጓሮ ጎመን አለ። ጨው ግን አለቀ። ያን ጊዜ ጨው በከረጢት አይገዛም። አሞሌ ነው፤ እንደ ሞረድ የተጠረበ፣ ክንድ የማይሞላ ነጭ ድንጋይ የሚመስል። ጥር ሲገባ በመንደሩ የቀረው አሞሌ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የጥጋቡ ነበር።

ጥጋቡ ድሀ አልነበረም። በሰው ቤት ሲበላ እጁ ይረዝማል፤ በራሱ ቤት ሲበላ በሩን ይዘጋል። እሱና ጎረቤቶቹ አሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ የሚካኤልን ማኅበር ይጠጡ ነበር። ተራ የደረሰው ያለውን አዘጋጅቶ ያበላል፤ ከዚያ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ጽዋው ጥጋቡ ቤት ሰባት ዓመት ሰባት ጊዜ ደርሷል። ሰባቱንም ጊዜ ሳያበላ አሳልፎታል። አንድ ዓመት በሬው ታመመ። አንድ ዓመት ጣራው አፈሰሰ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሚስቴ እንጉዳይ አርግዛለች አለ። ልጅ አልታየም። ሴቶቹ እንጉዳይን ቢጠይቋት፣ «እኔም ከሰው ነው የሰማሁት» አለቻቸው።

ጨው ከጠፋ ወዲህ ጥጋቡ አሞሌውን በጠፍር አሥሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የወጥ ሽታ የወጣበትን ቤት እየተከተለ ይደርሳል።

«ቤቶች!»

«ደጆች!»

«ጨው ያስፈልጋችኋል?»

ውሉ እንዲህ ነው። አሞሌው በፈላው ወጥ ውስጥ ሦስት ዙር ይዞራል። ዋጋው የአንድ ሰው ሙሉ ምሳ ነው። አሞሌው ሲወጣ የያዘውን ወጥ ጥጋቡ ራሱ ይልሰዋል፤ እሱ ከዋጋው አይቆጠርም። ሰው ተስማማ። ምን ያድርግ? ጨው የሌለው ወጥ ሦስት ቀን ከበሉ በኋላ ሰው ለማንኛውም ነገር ይስማማል።

በዚያ ክፉ ዓመት ጥጋቡ ወፈረ።

በየካቲት አሞሌውን ቢለካው ሁለት ጣት አጥሯል። ደነገጠ። አንድ ጠዋት በሐሳብ ተውጦ ምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጠ እንጉዳይ አዲስ ድስት ስታሟሽ አየ። ሸክላውን እሳት ላይ ጥዳ በተወቀጠ ጎመን ዘር ታሸዋለች። ሸክላው ቅባቱን ይጠጣል፤ ይጠቁራል፤ ያብረቀርቃል።

«ይህ ለምን ይበጃል?» አላት።

«ውስጡ ያለው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነዋ።»

«ምንም አይወጣም?»

«ጠብ አይልም። ምነው?»

«ምንም።»

እንጉዳይ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ጥጋቡ አሞሌውን ከአንገቱ ፈታ። ፍም ላይ አጋለው፤ በጎመን ዘር አሸው። ደግሞ አጋለው፤ ደግሞ አሸው። ሰባት ጊዜ አመላለሰው። እንጉዳይ ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ድስትሽን ላግዝሽ ብዬ ነው» አለ።

በትዳራቸው ምንም አግዟት አያውቅምና አላመነችውም። በሩን ከፍታ ጭሱን አስወጣች።

ከዚያ ወዲያ አሞሌው አላነሰም። ወጥም አላጣፈጠም። በየቤቱ ጠብ ተነሣ። ባል «ወጡ አልጫ ነው» ይላል። ሚስት «ሦስቴ ሲዞር ቆጥሬያለሁ» ትላለች። ጥጋቡ በመካከላቸው ተቀምጦ እየጎረሰ፣ «በክፉ ቀን ምላስ ይደነዝዛል» ይላል። አሞሌው ለምን እንደ ጠቆረ ሲጠይቁት፣ «የእናንተው ቤት ጭስ ነው» ይላል። አመኑት። ከጎረሰ ሰው ጋር መከራከር አስቸጋሪ ነው።

በመጋቢት የማኅበሩ ተራ የውዲቱ ሆነ። ውዲቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። ከሰው ጋር የምትበላው በወር አንድ ቀን፣ በማኅበሩ ዕለት ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ «ዘንድሮ ማኅበሩ ይቅር፤ ሰው የሚያበላው የለውም» የሚሉ በዝተዋል። የማኅበሩ መሪ፣ እነሱ ሙሴ የሚሉት፣ ሽማግሌው ጓንጉል ነበር። ሲሰማ ቆየና ቆረጠው።

«ውዲቱ ታብላን። የሚበላ ከሆነ እንቀጥላለን። ካልሆነ ጽዋው እስከ መኸር ይሰቀል።»

ውዲቱ ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ሄደች። ያላት አንድ ቁና ባቄላ፣ አምስት ራስ ሽንኩርት፣ እፍኝ ተልባና የጓሮዋ ድንብላል ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ነው። ለእሷ ግን ድግስ ነው። ባቄላውን ለዘብ ባለ እሳት ቆላችው፤ ሽታው ጎረቤት እስኪደርስ አልቸኮለችም፤ ከዚያ ፈጭታ ሽሮ አደረገችው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላች፤ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ፣ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ እያደረገች እስኪቀላ ጠበቀችው። ቅቤ የለም፤ ተልባ ወቅጣ ጨመረች። «እሳት ካልቸኮለ ቅቤ አይናፍቅም» ትል ነበር። ለሁሉ ምትክ አገኘች። ጨው ግን ምትክ የለውም።

ጥጋቡን ራሷ ጠራችው።

«ለአሥራ ሁለት ሰው ድስት ሦስት ዙር አይበቃም» አላት። «ዘጠኝ ይሁን።»

«ዋጋውስ?»

«መጀመሪያ የሚቀርበው ለእኔ፤ መጨረሻ የሚቀርበውም ለእኔ። ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ደግሞ ወደ ቤቴ እወስዳለሁ።»

«ድስቱንስ?»

«ድስቱን እመልስልሻለሁ» አለ። ቀልዱ አልገባውም።

ጥጋቡ ጠፍሩን ይዞ አሞሌውን ለቀቀው። አሞሌው የድስቱን ቂጥ ሲነካ ቋ አለ።

«አንድ። ሁለት።»

«ቀስ በል፣ አያ ጥጋቡ። እስኪሟሟ ጊዜ ስጠው።»

«ውላችን በዙር ነው፤ በጊዜ አይደለም። ሦስት። አራት።»

ዘጠኝ ሲሞላ አውጥቶ ላሰው፤ አንገቱ ላይ መለሰው። ውዲቱ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«አልጫ ነው።»

«ምላስሽ ነው።»

«አንድ ዙር ጨምርልኝ።»

«ዘጠኝ ብለናል።»

ማኅበርተኛው ገብቶ ተቀምጧል። ውዲቱ የምታደርገው ጠፋት፤ አቀረበች። ሁሉም ጎረሱ። ሁለተኛ የጎረሰ ግን የለም። ውዲቱ ማማሰያውን እንደ ያዘች ምሰሶው ሥር ቆመች። ፊታቸውን አንድ በአንድ ታያለች።

ደርበው የሚባል ጎረቤት ነበር፤ ማባበል አያውቅም።

«እት ውዲቱ» አለ፤ «ሽሮሽ ሽታው እዚያ ማዶ ድረስ ጠራኝ። ስመጣ ግን ቤት ውስጥ የለም።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። አንዱ መደቡ ላይ የተቀመጠውን ጽዋ ዞር ብሎ አየ። ውዲቱ ይህን አየች። ማማሰያውን ወርውራ ጥጋቡ ፊት ቆመች።

«አንገትህ ላይ ያለው ድንጋይ ነው!»

«ጨው ነው!»

«ድንጋይ ነው! ድስቴን ቋ ሲያደርገው ሰምቻለሁ!»

«በሚካኤል ስም ጨው ነው!»

ጓንጉል እጁን ዘረጋ። «ስጠኝ።»

ጥጋቡ እያቅማማ ፈታለት። ሽማግሌው አገላበጠው። ላሰው። ዐይኑን ጨፍኖ ደግሞ ላሰው። ለደርበው ሰጠው። ደርበው ላሰና ለቀጣዩ ሰጠው። እንዲህ እያለ አሞሌው ቤቱን ዞረ። ዐዋቂ ሰዎች፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች፣ ጥቁር ነገር ይዘው ተራ በተራ ይልሳሉ።

«የድስቴን ቂጥ የድስቴን ቂጥ ይላል» አለች አንዲቱ።

«አንቺ ደግሞ የድስትሽን ቂጥ መቼ ላስሽ?» አለ ደርበው።

«ዘንድሮ ምን ያልላስነው አለ?»

ከባሏ ጋር የመጣችው እንጉዳይ ተራዋ ሲደርስ ላሰች፤ ባሏን ቀና ብላ አየች፤ ለቀጣዩም አሳለፈች።

አሞሌው ወደ ጓንጉል ተመለሰ።

«ጥጋቡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ጨው ነው?»

«ጨው ነው።»

«ጨው ከሆነ ለምን አይጣፍጥም?»

ጥጋቡ ሒሳቡን ሠራ። አሟሽቼዋለሁ ቢል የስንት ቤት ምሳ በባዶ እንደ በላ ይታወቃል። ዝም ቢል አሞሌው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ድንጋይ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ማንም አይፈልገውም፤ ነገ አንገቱ ላይ መልሶ ያሥረዋል፤ እንዲያ ብሎ አሰበ። ዝም አለ።

«እንግዲያው አንድ ምላስ ጨው ነው አለ፤ አሥራ አንድ ምላስ ድንጋይ ነው አለ» አለ ጓንጉል። «ድንጋይ ከቤት አይቀመጥም።» በበሩ ወረወረው።

ጥጋቡ ጮኸ። አሞሌው ከግቢው በታች ካለው አለት ላይ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ሁሉም ወደ ገበታቸው ዞሩ። ደርበው ብቻ በር አጠገብ ስለ ነበር ወደ ውጭ ያያል።

«ሙሴ» አለ ቆይቶ።

«ምነው?»

«ፍየሎቹ ድንጋይ እየበሉ ነው።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጥጋቡ ሁሉንም ቀድሞ ወጣ። ስምንት ፍየሎች አለቱ ላይ ተረባርበው ይልሳሉ። የጥጋቡን መምጣት ከምንም አልቆጠሩትም፤ አንደኛዋ በቀንዷ ሆዱን ገፋ አድርጋ ወደ መላሷ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ በፍየሎቹ እግር መካከል ዳዴ እያሉ ስባሪውን ለቀሙ። ጓንጉል አንዱን ቁራሽ ከአንዲት ፍየል አፍ ጎትቶ ሲያወጣ ኩታው ተቀደደ። ውዲቱ አንድ ስባሪ አንሥታ በፀሐይ አየችው። ከላይ እንደ ድስት ጥቁር ነው። ከውስጥ እንደ ጥርስ ነጭ ነው። አሸተተችው።

«ጎመን ዘር!» አለች። «አሟሽቶታል! ጨው እንደ ድስት አሟሽቶታል!»

«እንዳያልቅ ብዬ ነው» አለ ጥጋቡ። ፍየሏ የገፋችውን ሆዱን ይዟል።

«ያን ቀን ጭሱ!» አለች እንጉዳይ። «ላግዝሽ ብዬ ነው ያለኝ!»

ስባሪውን ሁሉ ይዘው ወደ ቤት ሮጡ። ድስቱ ገና እሳት ላይ ነው። ውዲቱ ጨመረች፤ አማሰለች፤ በመዳፏ ቀመሰች። ምንም ሳትናገር መልሳ አቀረበች። ደርበው አንድ ጎረሰ። እጁን ሳያቋርጥ አራት አከታተለ። ጓንጉል የተቀደደ ኩታውን ወደ ኋላ መልሶ ሣሕኑን በጣቱ ጠረገ።

«ማኅበሩ አይቆምም» አለ። ውዲቱ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር።

ከዚያ ወደ ጥጋቡ ዞረ። «ሰባት ዓመት ተራህን ዘለልህ። የመንደሩን ምሳ በባዶ በላህ። ለሚያዝያ ሚካኤል አንተ ቤት ነን።»

«በሬዬ እኮ…»

«በሬህ ደኅና ነው። ስመጣ አይቼዋለሁ።»

«እንጉዳይ ደግሞ…»

«አላረገዝኩም!» አለች እንጉዳይ ከኋላ።

ሚያዝያ አሥራ ሁለት ፋሲካ አልፎ ነበር። ጥጋቡ በዋዜማው ሁለት ጊዜ ጣራው ያፈስ እንደ ሆነ መረመረ፤ ጣራው አላፈሰሰም። እንጉዳይ እንግዳ ስትናፍቅ ሰባት ዓመት የኖረች ሴት ናት። አንድ በግ ተብሎ የተፈቀደላትን ሁለት አድርጋ አሳረደች። ውዲቱን ጠርታ ቅመሙን ለእሷ ተወችላት። ጨውም የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች ሰሞኑን ደርሰው ስለ ነበር ማንም ሳይለካ ተጨመረ። ማኅበርተኛው በላ። ደገመ። የሰባት ዓመት ተራ በአንድ ቀን ተበላ።

ጥጋቡ ሌማቱን ይዞ ቆሟል። የሚጎርሰውን ሁሉ በዐይኑ ይቆጥራል። ጓንጉል ዘንድ ሲደርስ አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ አጉረመረመ።

«ሙሴ፣ እኔስ አጠፋሁ። ግን እርስዎ ጨዌን፣ ነጭ ጨዌን፣ ድንጋይ ነው ብለው ለፍየል መወርወርዎ ደግ አደረጉ?»

ጓንጉል የያዘውን አጥንት ጨርሶ ጋጠ፤ አስቀመጠ፤ አፉን ጠረገ።

«እኔን አትውቀሰኝ፤ ይልቅ ሌላ አሞሌ ስትገዛ አስቀድመህ እንዲህ ብለህ ምከረው፦ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል።»