ፊታውራሪው የመረጡት መንሸራተቻ

ፊታውራሪ ጓንጉል በእንግድነት የሄዱበት የበረዶ አገር ሰዎች ተራራ ወጥተው በመንሸራተቻ እንዲወርዱ ጋበዟቸውና፣ «መውጫው ረጅም ነው፤ ቀለል ያለውን ይምረጡ» አሏቸው።

ፊታውራሪው ዕቃ በእጃቸው አንስተው አያውቁም። ስለዚህ ሽቅቡን ይሸከምልኛል ያሉትን አሽከራቸውን ሱቅ ወስደው፣ መንሸራተቻዎቹን አንድ በአንድ እያስነሱ ፊቱን ያዩ ጀመር። አሽከሩም «ተሸካሚው እኔው!» እያለ በሆዱ፣ ቀላሉንም ከባዱንም ሳይለይ አሥራ አንዱንም ሲያነሳ ፊቱን አጨማደደ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ግን አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ አንድ ነገር ሹክ አለውና ጥርሱን ገለጠ።

ፊታውራሪውም «ይኸው ቀላሉ!» ብለው ያንኑ ወሰዱ።

በማግስቱ ሁሉም መንሸራተቻውን በየእግሩ አስሮ ሽቅቡን ጀመረ። እኩሌታውን ሳይደርሱ የፊታውራሪው ትንፋሽ ተቆረጠ። አሽከሩ ግን ፊታውራሪው ካልመረጧቸው ከአሥራ አንዱ መንሸራተቻዎች መካከል እንደ ላባ የቀለለውን አጥልቆ እያፏጨ ይከተላል።

«አንተ ቀጣፊ! ይህን የወፍጮ ድንጋይ ይዘህ ምን አሳቀህ? መልስ ካጣህ አስገርፍሃለሁ!» አሉት።

አሽከሩ እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ አስተርጓሚው ‹ይህን ዕቃ ባለቤቱ ራሱ በእግሩ አስሮት ነው የሚወጣው› ሲለኝ፣ እርስዎ ሽቅቡን ሲጎትቱት ታዩኝና ሳቁ አላስችል አለኝ» አላቸው።