ስድስት ሰዎችና አንድ ክፍት በር

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በዋርካ በር ከተማ የገበያ ጽሕፈት ቤት ደጅ ስድስት ሰዎች ቆመው ነበር። በሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንዲት መዝጋቢ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከስድስቱ አንድም ሰው አልገባም።

ምዝገባው ለአዲሶቹ የገበያ ሱቆች ነበር። የሚካሄደው በዚያች ቀን ብቻ ሲሆን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያልተመዘገበ ክረምቱን ሜዳ ላይ ያሳልፋል።

ከሁሉም ኋላ የቆመችው ይመኙሻል ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም መንገድ ዳር፣ በሁለት እንጨት ላይ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ነው። የእጅ ስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበት ስለሌላት በላስቲክ ጠቅልላ ታቅፋት መጥታለች። ባለፈው ክረምት ውኃ ገብቶባት መኪናዋ ሁለት ወር ሙሉ አልዞረችም። ስለዚህ ይመኙሻል የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዚያች መኪና ጣሪያ። ሳትመዘገብ ላትመለስ ምላ ነው ከቤቷ የወጣችው።

ሰው አልፋ መግባት ትችል ነበር፤ በሩ ሰፊ ነው። ግን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ልትነግድ ነው። ዛሬ ደጅ ላይ የገፋችውን ሰው ነገ በምን ዓይኗ ታየዋለች? እንዲያውም አንዱንም አታውቀውም፤ የማያውቁትን ሰው ደግሞ ከመግፋት በፊት ማናገር ይቀድማል።

ከፊቷ የቆመው ጫማ ሰፊው ሽባባው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳጥኑን በትከሻው አንግቷል።

«እንደምን አደርክ ወንድም ዓለም?»

«እግዜር ይመስገን። እንደምን አደርሽ እታለም?»

«ደኅና። ዝናብ ሊመጣ ነው መሰል።»

«መጥቷል እንጂ፤ እንደኛ ደጅ ቆሞ ግባ እስኪሉት እየጠበቀ ነው።»

«እንግዲያስ አንተ ግባና እኔም ልከተልህ።»

ሽባባው ከፊቱ ያሉትን ሴትዮ በአገጩ አመለከተ። «እትዬን አልፌ? እናቴ ብትሰማ ወስፌዬን ቀምታ እኔኑ ትሰፋኛለች።»

ልጁ እትዬን አልቀድምም አለ። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ ይመኙሻልም ውጭ።

ይመኙሻል ልጁን ይቅርታ ጠይቃ፣ ለወሬ እንጂ ለተራ እንዳልሆነ ነግራው፣ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለች። እትዬ ጥሩወርቅ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል፤ ሰላምታ ከጀመሩ ሳይጨርሱ አይለቁም።

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ልጆች ደኅና ናቸው? ባልሽስ? ከብቱስ?»

ይመኙሻል ከብት የላትም። «ሁሉም ደኅና ናቸው» አለች። እንዲህ ባለው ጨዋታ የሌለች ላም ደኅና ናት ትባላለች እንጂ የለችም አትባልም።

«ዝናቡስ በእናንተ በኩል ጀመረ?»

«ጀማምሮታል እትዬ።»

«ይሁን፣ ለዘሩ ነው። እህሉስ ባለፈው ዓመት እንዴት ነበር?»

እህሉም ደኅና ነበር። ጎረቤቱም ደኅና ነበር። ለአራት ሰዓት ተኩል አምስት ጉዳይ ሲሆን ይመኙሻል የመጣችበትን ለማንሣት ቀዳዳ አገኘች።

«እትዬ፣ እስቲ ይዝለቁ፤ እኛም በእርስዎ እግር እንግባ።»

«የኔታ ቆመው? እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ አይውጣ። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስሸጥ ታላቄን ቀድሜ አላውቅም፤ ቅቤዬ የማይበላሽብኝም ለዚህ ነው።»

ይህ ከቅቤው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልተናገሩም።

እትዬ የኔታን አልቀድምም አሉ፣ ልጁ እትዬን አልቀድምም አለ። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ ይመኙሻልም ውጭ።

የኔታ የተባሉት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ክርና መቁጠሪያ የሚሸጡበት ሱቅ ይፈልጋሉ። ይመኙሻል ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እሳቸው ደግሞ ሰው ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ ወዴት እንደሚሄድ አይሰሙም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቷን ስም ነገረች፤ አላወቁትም። የአያቷን ነገረች፤ አላወቁትም። በእናቷ በኩል ሄዱ። አራት ትውልድ ቆጥረው አንድም የጋራ ዘመድ ሳያገኙ ቀሩና በመጨረሻ የኔታ የአጎቷን ጎረቤት በቅሎ እንደሚያውቁ ታወቀ። የምትራገጥ ቦራ በቅሎ ነበረች።

«እንግዲያ ባዕድ አይደለሽማ» አሉ የኔታ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ።

«አይደለሁም የኔታ። እስቲ ቀድመው ይግቡና ቤቱን ይባርኩልን።»

የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥቁር የለበሰችውን አታያትም? ሐዘንተኛ ደጅ አቁሜ ከገባሁ አርባ ዓመት የደገምኩት ዳዊት ለምኔ?»

የኔታ ሐዘንተኛዋን አልቀድምም አሉ፣ እትዬ የኔታን አልቀድምም አሉ፣ ልጁ እትዬን አልቀድምም አለ። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ ይመኙሻልም ውጭ።

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ መዝጋቢዋ ከውስጥ ተጣራች። «የሚገባ ሰው አለ ወይስ በሩን ልዝጋው?»

«አለን» አሉ ስድስቱም ባንድ ድምፅ። ከቦታው የተነቃነቀ ግን አልነበረም።

ሐዘንተኛዋ ወይዘሮ እናኑ ነበረች። ሽንኩርት ትቸረችራለች። የባሏ አርባ ገና አልወጣም። ሐዘንተኛን ደግሞ እንደምን አደርሽ ብሎ መጀመር አይቻልም፤ እንዴት እንዳደረች ይታወቃል። ይመኙሻል አጠገቧ ቆመች። ዝም አለች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ እሷ ግን ዝም አለች።

ከብዙ ዝምታ በኋላ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

እናኑ ዘወር ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ የመጣሽበትን ጠይቂኝ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያዝንልኝ እንጂ የሚያናግረኝ ሰው አጥቻለሁ።»

«እንድትገቢልን ነበር።»

እናኑ ጥቁር ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ደፉ ተመለከተች። «እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሟል። ባሌ በሕይወት ሳለ እንግዳ ውጭ አቁሞ አያውቅም። እሱ በሄደ በወሩ ደንቡን ጣለችው ልባል?»

እናኑ እንግዳውን አልቀድምም አለች፣ የኔታ ሐዘንተኛዋን አልቀድምም አሉ፣ እትዬ የኔታን አልቀድምም አሉ፣ ልጁ እትዬን አልቀድምም አለ። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ ይመኙሻልም ውጭ።

አንድ ሰው ቀረ። እንግዳው አቶ ፈይሳ ይባላሉ፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ከሩቅ አገር ከመጡ አራት ወራቸው ነው። ሰዓት ይጠግናሉ። በሁለቱም እጆቻቸው ላይ ሰዓት አስረዋል። ደፉ ላይ እግራቸውን አሳርፈው፣ ነፋሱ እንዳያላትመው በሩን ባንድ እጃቸው ደግፈዋል።

«እንደምን አረፈዱ አባቴ? አገራችንን ለመዱት?»

«አገሩንስ ለምጄዋለሁ ልጄ። ሰላምታችሁን ነው ያልለመድኩት፤ ሳልጨርሰው ይመሽብኛል።»

ከኋላ ሽባባው ሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ አልሳቁም።

«እንግዲያስ አላስመሽብዎትም» አለች ይመኙሻል። «እርስዎ ካልገቡ እናኑ አትገባም፣ እናኑ ካልገባች የኔታ አይገቡም፣ የኔታ ካልገቡ እትዬ አይገቡም፣ እትዬ ካልገቡ ይህ ልጅ አይገባም፣ እሱ ካልገባ እኔ አልገባም። ይህች መኪና ደግሞ ሌላ ክረምት አትችልም። እባክዎ ይግቡልን።»

አቶ ፈይሳ የግራውን ሰዓት አዩ፤ ቀጥሎ የቀኙን አዩ። ሁለቱም አምስት ሰዓት ከአርባ ይላሉ።

«ሁሉም እውነታቸውን ነው» አሉ። «እኔም የራሴ ደንብ አለኝ። ቀድማኝ የመጣችውን አልቀድምም።»

«ማናት እሷ?»

«አንቺ ነሽ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ መኪናሽን ታቅፈሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሻል። ብድግ ብለሽ ይለፉ አልሽኝ። ሴትዮዋ ስትመጣ ሐዘን ላይ ናት ብለሽ አሳለፍሻት። መሪጌታን አባት ናቸው ብለሽ አሳለፍሽ፤ ባለ ቅቤዋን ደግሞ እናት ናቸው ብለሽ። ያን ጎረምሳ እንኳ ሳጥኑ ከብዶታል ብለሽ አሳለፍሽው።»

እውነት ነበር። ይመኙሻል መንገድ የሰጠችውን ሰው መቁጠር ስላልለመደች፣ ፊተኛ ሆና መጥታ ኋለኛ መሆኗን ልብ አላለችም።

እንግዳው ቀድማ የመጣችውን አልቀድምም አሉ፣ እናኑ እንግዳውን አልቀድምም አለች፣ የኔታ ሐዘንተኛዋን አልቀድምም አሉ፣ እትዬ የኔታን አልቀድምም አሉ፣ ልጁ እትዬን አልቀድምም አለ፣ ቀድማ የመጣችው ደግሞ ማንንም አልቀድምም ብላ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥቁር።

«አምስት ሰው አልፌ እንዴት ልግባ?» አለች።

«አምስት ሰው አልፈሽ አይደለም፤ አምስት ሰው ለቆልሽ ነው።»

የመጀመሪያው ጠብታ መኪናዋ የተጠቀለለችበት ላስቲክ ላይ ጠብ አለ። ይመኙሻል ዘወር ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ይቅር በሉኝ፣ ልቀድማችሁ ነው።»

«በሞቴ ግቢ» አሉ እትዬ። «እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ምን እንደያዘሽ እየገረመኝ ነበር።»

ይመኙሻል መኪናዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ደፉን ተሻግራም ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር።

ነፋሱ በሩን አላትሞ ሊዘጋው ሲል አቶ ፈይሳ በትከሻቸው ያዙት።

«እንግዲህ እርስዎ» አለች እናኑ።

«እኔማ በር ይዣለሁ። በር የያዘ ሰው እንግዳ አይባልም፣ ባለቤት ነው። ባለቤት ደግሞ እንግዶቹን ሳያስገባ አይገባም።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ደንብ ከመሪጌታ በኩል እንኳ አልተገኘም።

ይመኙሻል ስለ ገባች እንግዳው ባለቤት ሆኑ፣ እንግዳው ባለቤት ስለ ሆኑ እናኑ ገባች፣ እናኑ ስለ ገባች የኔታ ገቡ፣ የኔታ ስለ ገቡ እትዬ ገቡ፣ እትዬ ስለ ገቡ ልጁ ገባ፣ ልጁ ስለ ገባ አቶ ፈይሳ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ዝናቡ ውጭ ቀረ። መዝጋቢዋ የስድስቱንም ስምና ሙያ ጽፋ መዝገቡን ስታጥፍ ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ሱቆቹ ሐምሌ 5 ቀን ተሰጡ። አንደኛው የይመኙሻል ሆነ፤ መኪናዋም በዚያው ቀን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ገባች። ሁለተኛው የእናኑ፣ ሦስተኛው የመሪጌታ፣ አራተኛው የእትዬ ጥሩወርቅ፣ አምስተኛው የሽባባው ነው። ስድስተኛ ሱቅ አልነበረም። አቶ ፈይሳ አልደረሳቸውም። ሁሉም እንደ ወትሮው ዕጣ ወጥቶ ዕድል ጥሏቸው መስሏቸው አዘኑላቸው።

በነሐሴ አጋማሽ ይመኙሻል ለሱቋ ሁለተኛ ቁልፍ ልትጠይቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ከበሩ በስተውስጥ፣ በቀኙ ግድግዳ ላይ፣ ሰኔ 9 ቀን የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። ሱቆቹ አምስት ናቸው፣ ዕጣ የለም፣ የሚሰጡት በተመዝጋቢዎች ቅደም ተከተል ነው ይላል። ወደ ደጅ ወጥታ ሞከረችው፤ አይታይም። እንደ አቶ ፈይሳ በሩን ደግፋ ደፉ ላይ ቆመች፤ ፊት ለፊቷ ነው፣ አንገት ማዞር እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚያው ወደ አቶ ፈይሳ ልጅ ቤት አመራች። እሳቸው አልነበሩም። በር የከፈተችላትን ልጃቸውን ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ዝናቡ ጠየቀቻት፤ አንዱንም አላስቀረችም። የመጣችበትን ያነሣችው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባትሽ አማርኛ ማንበብ ይችላሉ?»

ሴትዮዋ ሳቀች።

«አባዬ? ሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሶችን ፊደል ሲያስቆጥር የኖረ ሰው ነው።»