ድምፅ የሌለው ቁልፍ

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት የነዋሪዎች ቅሬታ ያለበት ፋይል እንዲወገድ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በኮምፒውተር መልእክት ጻፉላት። ፋይሉ እንደተወገደ መልእክታቸውን ከእሷም ኮምፒውተር ላይ አጠፉት። ሐሙስ «ፋይሉን ያለ ፈቃድ አስወግዳለች» ተብሎ ሠራተኛዋን ከሥራ ለማሰናበት ኮሚቴ ተሰበሰበ።

«እኔ አላዘዝኩም» አሉ አቶ ሽመክት። «አዘውኛል ካለች መልእክቱን ታሳየን።»

«የእኔ ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው» አለች ሠራተኛዋ። «ሁለት ቁልፍ ስጫን የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል።»

አቶ ሽመክት ሳቁ። «እሱ ሲያነሳ ቀጭ ይላል። ቢሮዬ ከጎንሽ ነው። ማክሰኞ ቀጭ ሲል ማን ሰማ?»

«ማንም አልሰማም። ባለፈው ወር ‹ቀጭ ቀጩ ስብሰባዬን ረበሸኝ፣ ድምፁን አጥፊ› ብለው በደብዳቤ አዘዙኝ፤ አጠፋሁ። ፋይሉንም አስወግጂ አሉኝ፤ አስወገድኩ። አሁን ፎቶ ልፈልግ ወይስ እርስዎ ቀድመው ያስታውሳሉ?»

አቶ ሽመክት ኮሚቴውን አዩ። «በሥራ ብዛት ዘንግቼው ይሆናል» አሉ። ሠራተኛዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ለኮምፒውተር ባለሙያው ደወለች። «ድምፁን ሳጠፋ ፎቶ ማንሻውም አብሮ ጠፍቷል መሰለኝ» አለችው። «ወር ሙሉ አንድም አላነሳም። ሲመችህ ናና አስተካክልልኝ።»