ከእግርሽ ሥር

ድሮ ነው ልጆቼ፤ ወንዛችን ድልድይ ሳይኖረው፣ የእኔ ጥርስ ሳይነቃነቅ፣ ኧረ እኔም ሳልወለድ። ግራርጌ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ለሰው እህል ትፈጫለች፤ በዚያው ታድራለች። በዚህ ዓለም ያላት አንዲት ልጇ እናኑ ብቻ ናት።

የአንጓች አባት መድኃኒት አዋቂ ነበር። ሊሞት ሲል አንድ ቅጠል አሳያት፤ የንዳድ መድኃኒት ነው። ስም እንኳ አላወጣለትም። «ለሰው ያሳየሽው ቀን ይረክሳል፤ ለልጅሽም አይሠራላትም» ብሎ አስማላት። እናኑን ደግሞ በየክረምቱ ንዳድ ይይዛታል፤ የሚያሽራት ይኸው ቅጠል ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ? አድርቃ በወፍጮዋ ትፈጨውና ዱቄቱን ለመጣ ሁሉ በነፃ ትሰጣለች፤ ቅጠሉን ግን አታሳይም።

መጀመሪያ የአገሩ ሹም፣ ምስለኔው፣ መጣ። መሬትም በቅሎም እሰጥሻለሁ፣ ቅጠሉን አሳዪኝ አላት። ዱቄቱን ሰጠችው፤ ቅጠሉን አላሳየችም። ምስለኔው ተቆጥቶ ሄደ፤ ዱቄቱን ግን አልረሳም።

ቀጥሎ ከሁለት ቀን መንገድ አንድ ገበሬ መጣ። አገሬ ሩቅ ነው፣ ልጄ ታሟል፣ ሌላ ጊዜ ከደጄ እንድቆርጠው አሳዪኝ ብሎ ለመናት። ዱቄቱን ሰጠችው፤ ቅጠሉን አላሳየችም። ቤቱ ሲደርስ ልጁ ተቀብሮ ቆየው። ይህን የሰማች ቀን አንጓች የወፍጮዋን መጅ እንደያዘች ፈዛ ቀረች።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ፤ ንዳዱም በረታ። እናኑ ተኛች። አንጓች ቅጠል ልትቆርጥ ብትወርድ ወንዙ ሞልቷል። ከማዶ አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች፤ በእጇ እየጠቆመች መድኃኒት ትለምናለች። እሷ ወዲህ አትሻገር፣ ዱቄቱ ወዲያ አይሻገር። ቅጠሉ ግን ሴትዮዋ በቆመችበት ሁሉ በቅሏል፤ ትረግጠዋለች እንጂ አታውቀውም።

ያን ወንዝ የሚሻገር ድምፅ ብቻ ነበር። አንጓች ወደ ቤቷ ዞራ አየች፤ ወደ ማዶም አየች። የገዛ ልጇን በእጇ የምትገድል መሰላት። ቢሆንም ጮኸች፤

«ከእግርሽ ሥር ነው፣ እቴ! ከእግርሽ ሥር፣ ጀርባው ነጭ የሆነውን! ወቅጠሽ አጠጪው!»

ሁለቱም ዳር ሰማ። አንጓችም የራሷን ቆርጣ ፈጨችው፤ ለእናኑም አጠጣቻት።

በሦስተኛው ቀን እናኑ ራበኝ አለች። የማዶውም ሕፃን ዳነ። ጎረቤት እልል አለ፤ አንጓች ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ለካ ቢታይም አይረክስም! ደብቄው ያን የገበሬውን ልጅ የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ቅጠሉ ስም ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ «ከእግርሽ ሥር» እንለዋለን። የሚቆርጠውም ሰው እስከ ዛሬ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ የሰማ ሁሉ ቀርቦ ያየዋል። ያወቀውን ለሚደብቅ ሰው ደግሞ የእኛ አገር ሰው «ወንዙ ሳይሞላ ንገረኝ» ይለዋል።