ቲኬቱ እስኪረክስ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ፣ አዳማ ውስጥ የመኪና ጎማ የሚሸጥ ሰው ነው። ስሙ ደምሰው። ታላቅ እህቱ ወርቅያንሹ ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። ሱቁን የከፈተችለት እሷ ናት።

ታመመች። ሐኪሞቹ "አገርሽ ብትገቢ ይሻልሻል" አሏት። ደወለችለት።

"ደምስዬ፣ ያጠራቀምኩት በሕክምና አለቀ። ቲኬት ቁረጥልኝ። አገሬ ገብቼ ልተኛ።"

"ምን ችግር አለ እታለም! ዛሬውኑ አየዋለሁ።"

አየውም። የአየር መንገዶችን ዋጋ የሚያወዳድር መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጫነ። "ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ ይጠብቁ" አለው። ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀነሰ። ነገም ይቀንሳል ብሎ ተወው። በማግስቱ ጨመረ። "አሁንማ በዚህ ዋጋ አልገዛም!" አለ።

እህቱ ደወለች። "ቆረጥክልኝ?"

"እየተከታተልኩት ነው እታለም። ሊረክስ ነው።"

"እሺ። ሻንጣዬን አስሬ ነው የተቀመጥኩት" አለችው።

ብር አልነበረውም? ነበረው ወገኖቼ፣ ነበረው! በዚያው ሳምንት ለሱቁ አዲስ የመስታወት በር አስገጥሟል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዋጋው እውነትም ወረደ። ገዛ። ሚስቱን "አየሽ? አልተቻኮልኩም!" አላት። በረራው ለሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የወርቅያንሹ ጓደኛ ደወለች፤ ለቅሶው አላናግር አላት።

ከዚያስ? አስከሬኗን ለማምጣት የቲኬቱን ብዙ እጥፍ ጠየቁት። አወዳደረ? ይረክሳል ብሎ ጠበቀ? በዚያው ቀን ከፈለ! ድንኳን ተከለ፣ ሰንጋ ጣለ። ጎረቤቱ "እህቱን ሲወዳት!" አለ።

ላጽናናው አጠገቡ ብቀመጥ ቀና ብሎ አላየኝም። "መምህር፣" አለኝ፣ "እህቴ እኮ እየለመነችኝ ነው የሞተችው።"

ምን ልበለው? እናንተስ ምን ትሉት ነበር?

ግን ቆይ፣ በእሱ ላይ አትፍረዱ። ለቀብር ሱቅ ዘግተን እንሄዳለን። ለቀብር መንገድ አይርቀንም፣ ብር አይቸግረንም። በሕይወት ላለው ሰው ግን ሁልጊዜ "ትንሽ ጠብቅ" ነው። የታመመች አክስታችሁን መቼ ነው የምትጠይቁት? የተጣላችሁትን ወንድም መቼ ነው የምትታረቁት? ሲመቻችሁ? መቼ ነው የሚመቻችሁ?

አሁን፣ እኔ እየተናገርኩ፣ "ቆይ" ያላችሁት ሰው ትዝ ያላችሁ አላችሁ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ስብከቴ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ተነሡ፣ ውጡና ደውሉለት።