የጠይቅ አፋፍ ቢጫ ተልባ

ጠይቅ አፋፍ በሚባለው ድንጋያማ ተረተር ላይ ቢጫ የሚያብብ ተልባ አለ። ሌላው አገር የሚያውቀው ተልባ ሰማያዊ አብቦ፣ ፍሬውን ሰጥቶ በዓመቱ የሚያልቅ ነው፤ ይህኛው ግን ከላይ ሲቆረጥ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ዓመት ዓመትን እየተካ ይኖራል። የዚያ አገር ሰው ደግሞ እንግዳ ያየው እንደሆነ ሳይስቅ የማያልፈው አንድ ልማድ አለው። ደቦ ተጠርቶ ጎልማሳው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ማሳ ዳር ሲደርስ ዘሎ አይገባም። ማጭዱን መሬት ያስቀምጥና ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ባለማሳውን «እንዴት እንንካው?» ብሎ ይጠይቃል። ጤፍም ይሁን ገብስ፣ አጨዳውን ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ቢሆንም፣ ሳይጠየቅ አይነካም። ባለማሳው ታሞ ከተኛ አልጋው ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። የአፋፉም ስም፣ የልማዱም መነሻ ይርገዱ ከምትባል ሴት ነው ይባላል።

ይርገዱ ለዚያ አገር ባዕድ ነበረች። ከወንዝ ማዶ፣ ዝናም ከሚሳሳበት የቆላ ጠርዝ ተድራ ስትመጣ አባቷ ከሌላው ስጦታ ጋር አንድ እፍኝ ዘር ሰጣት። እንደሚነገረው፣ ሰውዬው ሁለት ድርቅ ተከታትሎ ሲመጣ ያየ ነበርና፣ የተዘራው ሁሉ ሲያርር ይህ ተልባ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ እንደሚተርፍ፣ በክፉ ቀን ልጅ እንደሚያሳድግ ነግሮ ሸኛት። እሷም ከባሏ ከወንድይፍራው መሬት ሁሉ ማንም የማይፈልገውን ድንጋያማውን አፋፍ መርጣ ዘራችው። ተልባው ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ እግር እግሩ ሥር ጠጠር ትከምርለታለች፣ እርጥበት የሚይዘውን ፍግ ታርቅለታለች፣ አረሙን ተንበርክካ በጣቷ ትለቅምለታለች። ከበቀለበት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል የሚባል ነገርማ አይሞከርም።

የመጀመሪያውን ዓመት አላበበም። መንደርተኛው ሣር ነው ወይ የምትኮተኩቺው እያለ አላገጠባት። በሁለተኛው ዓመት ቢጫ ሆኖ ቢያብብ ደግሞ ኑግ ዘርታ ተልባ ትለዋለች ተብሎ ተሳቀ። አበባው በጧት ፈክቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ስለሚረግፍ፣ ከሰዓት በኋላ ለማየት የወጣ ሰው ባዶ እንጨት አይቶ ይመለስና «የይርገዱ ውሸት» እያለ ያወራል። ሰው ሥራ ሲፈታ የማያደርገው የለም መቼም። እሷም ታከታትና አፏን ዘጋች። ተልባው በማጭድ፣ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ከባሏ በቀር ማንም አልነበረም።

ወንድይፍራው ጥጥ ሊያመጣ ቆላ እንደወረደ ንዳድ ይዞት ቀረ። ይርገዱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚያው ዓመት ክረምቱ ያለ ወጉ ተቋረጠና ገብሱ እሸት ሳይሆን አረረ፤ አፋፉ ላይ ያለው ተልባ ብቻ ለምለም እንደሆነ ቆመ። ሌላው ሲያለቅስ የእሷ ሆድ ረጋ። ዘንድሮ ቆርጣ ልትበላ፣ ከርሞ ዝናም ቢመጣም ቢቀርም ካቆጠቆጠው ዳግመኛ ልትቆርጥ ነው ሐሳቧ። ለአማቷ ለእመት ዘነቡ፣ በዚህ ተልባ ልጄን ይዤ እወጣለሁ አለቻቸው። ከዚያ ሌላ ተስፋም አልነበራት። ፍሬው ቡናማ መምሰል ሲጀምር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ማሩ አለችው።

እንግዲህ የዚያ መንደር ሰው ክፉ አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም እሱ ነው። የደቦው አለቃ አያ ጓንጉል፣ ደረተ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ ሰው፣ ቀድሞ በይርገዱ ሲያላግጡ ከነበሩት ዋነኛው ነበር። ባሏ የሞተባት ሐራስ ቤት ተኝታ ፍሬዋን ወፍ ሊጨርሰው ነው ብሎ አዘነላት። የጠላ እንኳ እንዳይቸግራት ብሎ ደቦውን ስንቁን አስይዞ ሰበሰበ። ሐራስን ደግሞ ስለ እርሻ የሚጠይቅ የለም፤ ወደ ውጭ ብቅ ካለች ምች ይመታታል። ምኑስ ይጠየቃል? በዚያ አገር ተልባ እንደ ምስር በእጅ እንደሚነቀል ማን ያጣዋል? ወጡና ይነቅሉት ጀመር። ሥሩ አልላቀቅ ሲላቸው ድንጋዩ ነው የያዘው ብለው ዶማ አመጡ።

ይርገዱ ሕፃኑን እንዳቀፈች የደቦው ዘፈን ከአፋፉ ሲወርድ ሰማች። ስሟን እየጠሩ ነበር የሚያዜሙት። እሰይ፣ ሰው አለኝ ብላ አለቀሰች፤ እመት ዘነቡም እልል አሉ። ቆይቶ አያ ጓንጉል የመጀመሪያውን ነዶ በትከሻው አምጥቶ ደጃፏ ላይ አወረደው። ከነሥሩ ነው። ሥሩ ክንድ ያህል ረዝሞ፣ እርጥብ አፈር እንደያዘ፣ በመደቡ ፊት ተዘረጋ።

አያ ጓንጉል ላቡን እየጠረገ ፈገግ ብሎ ቆሟል። እጁ በድንጋይ ተልጦ ይደማል። ይርገዱ ሥሩን አየች፣ እጁን አየች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጓንጉል» አለች።

ለምን አልጮኸችም ብለው የሚቆጡ ሽማግሌዎች አሉ። ብትጮህስ ምን ሊመለስ? በቸርነት የደማን እጅ ምን ብለው ይሰድቡታል? ሰዎቹ ሲሄዱ ሥሩን ሰብስበው ከግድግዳው ጥግ እንዲቀብሩላት አማቷን ለመነች። ቀበሩላት፤ በስብሶ ቀረ።

የከርሞው በልግ ቀረ፤ ክረምቱም ደመናውን ብቻ አሳይቶ አለፈ። ተወቅቶ የተሰጣት ተልባ አለቀ። ከብቱ አለቀ፣ አቅም ያለው አገር ጥሎ ተሰደደ፣ እመት ዘነቡም ሞቱ። የይርገዱ ጡት ደረቀ። ማሩ መዳህ ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ጉልበት አጣና መቀመጥም አቃተው። ያለውን ሁሉ ሞከረች፣ ቅጠል ቀቅላ ውሃውን አጠጣችው። አልሆነም። እቅፏ ውስጥ እንዳለ አለፈ።

ለመቃብሩ ዶማ ማንሳት የሚችል ከአያ ጓንጉል ሌላ አልተገኘም ይባላል፤ እሱም እየተቀመጠ እያረፈ ነው የቆፈረው። ከቀብር ሲመለሱ አጠገቧ ተቀመጠና፣ ፀሐይ የማይበግረው ያ ቢጫው ተልባ ዘንድሮ ምነው ሳይበቅል ቀረ ሲል ጠየቃት። ሊያጽናናት ነበር የፈለገው፤ ዘሩ ካለ ለከርሞ ይሆናል ሊላት።

«እሱ ተዘርቶ በዓመቱ የሚደርስ አይደለም፤ ከሥሩ ነው የሚያቆጠቁጥ» አለች ይርገዱ። «ሥሩን ነቀላችሁት።»

አያ ጓንጉል ፊቱ ዐመድ ሆነ። «ኧረ ምነው፣ ለምን አልነገርሽንም?»

«መች ጠየቃችሁኝ?»

እሱም ተነሥቶ ወደ አፋፉ ወጣ። ያ ጎልማሳ በአንድ እስትንፋስ ይወጣው የነበረውን ዳገት በአራት እግሩ ነው የወጣው ይላሉ። ዶማ የነካውን ጉድጓድ ሁሉ እየዳበሰ ሲፈልግ፣ እጅ በማይገባበት የሁለት ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ለምለም እግር ተልባ አገኘ። አልነካትም። ተመልሶ ወርዶ ከይርገዱ ደጃፍ ቆመና «እንዴት ልንካው?» አላት።

ውሃ እንዳያፈስባት፣ ካለችበት እንዳያነሣት፣ ጠጠር አስጠግቶ ፍየል እንዲከለክልላት፣ ፍሬዋ እስኪደርቅ እንዲታገሥ፣ ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጓንጉል ከቋጥኙ ሥር አልተነሣም። የሚበላ ስላልነበረው ወገቡን በገመድ አጥብቆ ይጠብቃት ነበር ይባላል። ፍሬዋ ደረሰ፤ እሱ ግን አንዲት ፍሬ ለአፉ አላለም። ለልጆቹም ከእንግዲህ የሰው ማሳ ሳትጠይቁ ብትነኩ አጥንቴ ይውቀሳችሁ ብሎ አስማላቸው። ዝናሙ ሳይመለስ፣ ቋጥኙን እንደተደገፈ ሞቶ ተገኘ። ተልባይቱ ከነፍሬዋ ቆማለች።

ልጆቹ ፍሬውን ለይርገዱ አስረከቡ። ዝናም ሲመለስ ዘራችው፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ አፋፉ እንደገና ቢጫ ሆነ። ከስደት የተመለሰውም፣ ከሞት የተረፈውም ማጭዱን ይዞ መጣ። ማሳው ዳር ሲደርሱ ማጭዱን መሬት አስቀመጡና የአያ ጓንጉል የበኩር ልጅ «እትዬ ይርገዱ፣ እንዴት እንንካው?» አላት።

ይርገዱ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣትም። ቆሙላት። ማንም አላቻኮላት፣ ማንም ዐይኗን አላየም። ብዙ ቆይታ፣ እንባዋ ሲያበቃ፣ «ቁረጡት፤ አትንቀሉት» አለች።

ዛሬም በጠይቅ አፋፍ ባለማሳው ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም። የከተማ ተማሪም ይሁን፣ ቸኩሎ የመጣ ነጋዴም ይሁን፣ ጥያቄው እንደቀረበለት ዝም ይላል፤ ደቦውም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀዋል። ዝምታው የማሩ ነው ይላሉ፤ እሱ ሳያልፍ ማጭድ አይነሣም።