የአንክራ ወንበር

ዘመኑ ራቅ ይላል። በአንድ ወቅት በሰፊ ሐይቅ መካከል አንክራ የምትባል ደሴት ነበረች። ሦስት መቶ አባወራ የሚኖርባት፣ በግማሽ ቀን ተዞራ የምታልቅ ድንጋያማ መሬት ናት። ሆኖም ሹም ከውጭ መጥቶባት አያውቅም፤ ሕጓን የሚያወጡትም ዳኛዋን የሚመርጡትም ነዋሪዎቿ ነበሩ። ዓሣ ያደርቃሉ፣ ጌሾ ያለማሉ፣ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ይህን ማዶ ገበያ ወስደው እህል ሸምተው ይመለሳሉ። በአንክራ ለማኝ አልነበረም።

የማዶው ገዥ ይህን አይቶ ጎመጀ። የአገሩ ንጉሥ ደሴቲቱን በጉልበት መያዝን ስለከለከለ ወደቡን ዘጋና «ለእኔ ለማደር ካልፈረማችሁ አንዲት ቁና እህል አታልፍም» አለ።

የደሴቲቱ ሽማግሌ አያ ባዜ ሊነጋገሩ ተሻገሩ። ገዥው አሰራቸው።

«ይፈርሙና ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አላቸው።

«ሕዝቡ ያልመከረበትን? አላደርገውም።»

ያለ እሳቸው ፊርማ ውሉ አይጸናም። በጨለማ ክፍል ዐሥር ወር ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ደከመ፤ እጃቸው ግን ብዕር አልነካም።

በደሴቲቱ ረሃብ ገባ። ያን ጊዜ ደርሶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከወንድሙ ጋር ታንኳውን ወደ ሰሜን አዞረ። ያ ዳርቻ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ነፋሱን ፈርቶ ማንም አይሞክረውም። ማዕበል ወንድሙን ወሰደበት። ደርሶ እህል ጭኖ ብቻውን ተመለሰና በሳምንቱ ደግሞ ሄደ። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ። ለእህሉ ዋጋ ግን ማንንም ሳያማክር የሰሜን ሰዎች በአንክራ ውኃ ዐሥር ዓመት እንዲያጠምዱ ቃል ገብቶ ነበር።

አንድ ታንኳ ሦስት መቶ ቤት አይመግብም። ገላዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከሐይቁ ዳር ደለል በቅርጫት እየተሸከመች ገደሉ ላይ እርከን መሥራት ጀመረች። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ሴቱ ሁሉ ተከተላት። የተጠረበ ድንጋይ ሲያንሳት የሸንጎውን ቤት ግድግዳ አፈረሰች።

«ምነው ገላዬ፣ አያቶቻችን የሠሩትን!» ብለው ጮኹባት።

«ሸንጎው ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ልጆቹ ይብሉ» አለች።

በስምንተኛው ወር ገደሉ ላይ ማሽላ ታጨደ።

በዐሥረኛው ወር ነገሩን ሊያጣራ የንጉሡ መልእክተኛ መጣ። እርከኑን አየ፤ ታንኳውን አየ፤ የተፈረመ ውል እንዳለ ጠየቀ፤ አጣ። ወደቡን አስከፈተ፤ አያ ባዜን አስፈታ። «አንክራ ራሷን ታስተዳድር። በንጉሡ ፊት የሚቆምላት አንድ አለቃ ምረጡ» አለ።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ።

«ወንድሜን ገብሬበታለሁ» አለ ደርሶ።

«የአንተ ታንኳ ስንቱን አጠገበ?» አለች ገላዬ። «እኔ ይገባኛል። ብናገረው አያሳፍረኝም።»

አያ ባዜ በሰው ተደግፈው ተነሡ። «ፈርሜ ቢሆን ኖሮ የምትመርጡት አለቃ ባልኖረ።»

አንዲት አሮጊት ከመካከል «አያ ባዜ፣ እርስዎ ሲጸኑ የልጅ ልጄን ቀበርኩ» አሉ።

ሽማግሌው አለቀሱ። ሰዉም በሦስት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር፤ ከሦስቱ አንዱንም የሚንቅ ግን አልነበረም።

እናንተስ ከዚያ ሜዳ ብትቀመጡ የአለቃነቱን ወንበር ለማን ትሰጡ ነበር?